ከሦስተኛው ቀን በኋላ

ስልኩ የተደወለው ለእኔ ነበር። የዶርማችን ልጅ የራሱ ስልክ ስላልነበረው ከቤተሰቡ ጋር የሚገናኘው በእኔ ስልክ ነው። ደዋዩ አጎቱ ናቸው። መጀመሪያ የጠየቁኝ "አንተ ልጄ፣ እሱ አጠገብህ አለ?" ብለው ነው። የለም አልኳቸው። አባቱ ማረፋቸውን ከነገሩኝ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እዚያ ወንድሞቹ እናንተ ናችሁ፤ ሌሊት፣ ሳይነጋ ንገሩት። ፈተና ላይ ነው ብላችሁ እንዳትደብቁት፤ አደራ" አሉኝ።

በአንዲት ክፍል ስድስት ነበርን። መርዶ ተናግሮ የሚያውቅ አንድም አልነበረም። ከመካከላችን አንዱ ግን አባቱ ሽማግሌ ሆነው መርዶ ሲሄዱ ተከትሎ አይቶ ነበርና እሱ መራን። ሌሊት ዐሥር ሰዓት ላይ ተነሣን፤ ነጠላ ያለው ነጠላውን፣ የሌለው አንሶላውን አጣፋ። ልጁን ከላይኛው አልጋ ቀስቅሰን አወረድነው። አምስታችን ተደርድረን ቆመን ሲያየን፣ ማንም ቃል ሳይተነፍስ ገባው። ፍራሹን መሬት ላይ ዘረጋንለት። ሦስት ቀን ሙሉ ተራ ገብተን አጠገቡ ተቀመጥን። ከየብሎኩ ለቅሶ ደራሽ መጣ፤ ከካፌ በደብተር ሸፍኖ ዳቦ ያመጣ ነበር፤ ፊቱን እንኳ የማናውቀው ልጅ ሻይ በፔርሙዝ ይዞ መጥቶ አንድ ሰዓት ያህል ምንም ሳይናገር ተቀምጦ ሄደ።

በአራተኛው ቀን ፍራሹ ወደ አልጋው ተመለሰ። እኛም ወደ ትምህርታችን ተመለስን። እሱም ለጥቂት ሳምንታት አብሮን ሄደ፤ ከዚያ ጠዋት መነሣት ተወ፤ ከዚያ ምሳ ተወ። ሰሚስተሩ ሲያልቅ የማቋረጫ (ዊዝድሮው) ቅጽ ሞልቶ ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ፣ ወደ ፎገራ ገባ። "ምን ሆንክ?" ብሎ የጠየቀው ከአምስታችን አንድም ሰው አልነበረም። በጥላቻ አልነበረም፤ ለቅሶው ያለቀ መስሎን ነው።

ስለ ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአእምሮ ጤና፣ ስለ ቡድን ሕክምናና ተማሪዎች እርስ በርስ ስለሚደጋገፉበት መንገድ በተነሣ ቁጥር እኔ የማስበው ያንን አራተኛ ቀን ነው። የሚጎድለን ደግነት አይደለም። ሰው የሞተበትን ሦስት ቀን ማስተዛዘን በደማችን ያለ ነው። ጊቢ ውስጥ የጠፋው መልሶ የሚሰበስበን ቀጠሮ ነው።

በአገር ቤት ይህ ቀጠሮ አለ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሟች በሣልስቱ፣ በሰባተኛው፣ በዐሥራ ሁለተኛው፣ በሠላሳኛው፣ በአርባኛው፣ በሰማንያኛው ቀን፣ በመንፈቁና በሙት ዓመቱ ይታሰባል። ጸሎቱ ለሟች ነው። ነገር ግን በእያንዳንዱ ቀን ካህኑም፣ ጎረቤቱም፣ ዘመዱም ተመልሶ እዚያው ቤት ይገባል፤ ሐዘንተኛዋ መክሳቷን ያያል፤ ልጇ ዝምተኛ መሆኑን ያያል። ማንም "ክትትል" ብሎ አልሰየመውም እንጂ ክትትል ነው። ሠላሳኛው ቀን ላይ ለቅሶው ለሌላው ተረስቷል፤ ሐዘንተኛው ግን ገና መጀመሩ ነው። ሥርዓቱን የሠሩት አባቶች ይህን ያወቁ ይመስለኛል።

ፎገራን የሚያውቅ ሰው ስለዚያ ልጅ ትንሽ ይረዳኛል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው መንገድ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ወረታ ይደርሳል፤ ከዚያ አንዱ ወደ አዲስ ዘመንና ጎንደር፣ ሌላው ወደ ደብረ ታቦር ይታጠፋል። ከተማዋ ከሩዝ መፈልፈያዎቿ ድምፅ ጋር ነው የምትውለው። ከምዕራቧ እስከ ጣና የተዘረጋው ሜዳ በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ ውኃ ይሆናል፤ እንደ ናቤጋና ዋገጠራ ባሉ ቀበሌዎች ሰው ከደጁ በታንኳ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ልጅ ኮሌጅ ሲገባ ከቤቱ የሚወጣው አንድ ተማሪ ብቻ አይደለም፤ ሩዝ የሚያርም አንድ ጥንድ እጅ፣ ከብት የሚመልስ አንድ ጥንድ እግር አብሮ ይጎድላል። ስለዚህ ልጁ ለእናቱ ሲደውል "ከፋኝ" አይልም። ሰላምታችን ራሱ ቦታ አይሰጠውም፤ "እንዴት ነህ? ደህና ነህ? በጣም ደህና ነህ?" ሲባል "እግዚአብሔር ይመስገን" እያለ ሄዶ ሄዶ ስልኩ ይዘጋል። ሆድ ይፍጀው የምንለውን ሆድ እውነትም ይፈጀዋል።

የዛሬ ተማሪ ጫና ደግሞ ከእኛ ዘመን ይከብዳል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ። ከመቶ ሦስት ሆኖ ያለፈ ልጅ ቀበሌው ሁሉ በእሱ ላይ ዓይኑን ጥሎ ነው የሚገባው፤ በሪሚዲያል (በማካካሻ ትምህርት) የገባው ደግሞ "ባልወጣውስ" እያለ ነው የሚያድረው። በዚህ ላይ ጦርነት አለ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ፎገራ ወዳለችበት ወደ ደቡብ ጎንደር ደርሶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ውስጥ ገባ፤ ለረጅም ጊዜ ኢንተርኔት ተቋርጦ ልጅና ወላጅ ተጠፋፍተው ሰነበቱ። መንገዱም ያስፈራል። በሰኔ መጨረሻ 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲጓዙ የነበሩ ከመቶ በላይ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ታግተው ተወስደዋል። ከዚያ ወዲህ ልጁን አውቶቡስ ያሳፈረ ወላጅ "ደረስኩ" የሚለውን ቃል እስኪሰማ እህል አይወርድለትም፤ ተሳፋሪውም እንደዚያው።

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከመቶ 41 ያህሉ ለአእምሮ ጭንቀት ምልክቶች ተጋልጠው አግኝቷቸዋል። መለኪያው የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ሃያ የ"አዎ" እና የ"አይ" ጥያቄ ነው፤ እንቅልፍ ይነሳሃል ወይ፣ ቶሎ ታለቅሳለህ ወይ፣ ሥራህ ጣዕም አጣብህ ወይ የሚል ዓይነት። የበሽታ ምርመራ አይደለም፤ ከመቶ 41 ተማሪ ታሟል ማለትም አይደለም። ከመቶ 41 ተማሪ ሰው ቢጠይቀው የሚናገረው ነገር አለው ማለት ነው። ጥናቱ ደግሞ የተሠራው ከላይ ካነሣኋቸው ጦርነቶች በፊት ነው።

ለዚህ ሁሉ ተማሪ ሐኪም ይድረስለት ብንል ከየት ይመጣል? እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስ አገራችን የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪም የምታሠለጥንበት የራሷ ፕሮግራም አልነበራትም፤ በዚያ ዓመት ነው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል፤ ጎንደርም ባሕር ዳርም ዛሬ ባለሙያ አለ። ቢሆንም አንድ ለአንድ ተቀምጦ ማማከር ለዚህ ቁጥር በፍጹም አይበቃም። ቡድኑ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ግን ለቁጥር ሲባል ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ሕመም በባሕርዩ በቡድን ይሻላል፤ ሕመሙ ራሱ "እንዲህ የሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ" የሚል ነውና። ይህን ሐሳብ ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ከመስማት የሚበልጥ መፍቻ አላውቅም። በ1905 እ.ኤ.አ. በቦስተን ጆሴፍ ፕራት የተባለ ሐኪም ድኻ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን በየሳምንቱ ሰብስቦ ስለ ንጽሕናና ዕረፍት ማስተማር ጀመረ። ቆይቶ ሲያይ ሕሙማኑን የሚያበረታው ከትምህርቱ ይልቅ መሰብሰቡ ሆኖ አገኘው። የዘመናዊው የቡድን ሕክምና ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከዚህ ነው።

የእኛስ? ሳይመን ሜሲንግ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ በጎንደር ተቀምጦ ያጠናውን በ1958 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም ርእሱ ላይ "የቡድን ሕክምና" የሚል ቃል ተጠቅሟል። የጻፈው ስለ ዛር ነው። ከእሱ በፊት በ1932 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ ጎንደር ላይ ይህንኑ ሲያጠና ከርሟል። ሜሲንግ ያየው፣ ባሏ የረሳት ወይም ሰው የናቃት ሴት ስትታመም ወደ ባለ ዛሩ ቤት እንደምትወሰድ፣ እዚያም እንደ እሷ ያሉ ሌሎች እንደሚጠብቋት ነው። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ ታክማ የምትሸኝ ሳትሆን የማኅበሩ አባል ሆና ዕድሜዋን የምትዘልቅ ነች። ዛርን የማመሰግን እንዳይመስልብኝ፤ እምነቴም አይፈቅድ፣ ስንቱን ቤት በግብርም በብዝበዛም እንዳራቆተ አውቃለሁ። ነገር ግን እነዚያ ሴቶች ወደዚያ ቤት ለምን ተመላለሱ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ስማቸውን የሚያውቅ፣ ቢቀሩ "የት ሄዱ" የሚል ስብስብ ሌላ ቦታ አላገኙም። ያንን ለልጆቻችን በቀና መንገድ ካልሰጠን፣ በማይቀናው መንገድ የሚሰጥ አይጠፋም፤ ዛሬ ጫት ቤቱም የውርርድ ቤቱም ለተማሪው ክብ ሠርተው ይጠብቁታል።

ከሁሉ አብልጬ የማነበው ግን የኡጋንዳውን ሥራ ነው። ተመራማሪዎች ኤድስ ወዳደቀቃቸው ወደ ማሳካና ራካይ ገጠሮች ሄዱ። ከውጭ ያመጡትን የበሽታ ስም አስቀድመው አልተናገሩም፤ ሕዝቡ ድባቴ የምንለውን ሕመም ምን እንደሚለው ጠየቁ። ሁለት የአካባቢ ስሞች አገኙ፤ አንደኛው ራስን መጥላት፣ ሁለተኛው ለራስ ማዘን ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የየአካባቢውን ሰዎች ለሁለት ሳምንት አሠለጠኑ፤ ሐኪሞች አልነበሩም። ወንዶች ከወንዶች፣ ሴቶች ከሴቶች ጋር ሆነው በሳምንት አንድ ቀን ለ90 ደቂቃ፣ ለ16 ሳምንታት ተሰበሰቡ። የዚህ ዓይነቱ ሕክምና የሚያተኩረው በአራት ነገር ላይ ነው፤ የሰው ሞት፣ ከሰው መጣላት፣ የኑሮ መለወጥና ብቸኝነት። ውጤቱ በ2003 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ ቡድን ከገቡት ውስጥ በድባቴ ላይ የቀሩት 6.5 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልገቡት ግን 54.7 በመቶ ነበሩ።

አራቱን ነገሮች ከአንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ጋር አስተያዩአቸው። አባት ሞቷል። ከዶርም ልጅ ጋር ተኳርፏል። ከጎጆ ወጥቶ ከማያውቀው ከተማ ገብቷል። የሚያጫውተው የለም። ደግሞም 16 ሳምንት ማለት የአንድ ሰሚስተር ዕድሜ ነው።

"ይህ የውጭ ነው፣ እዚህ አይበቅልም" ለሚለኝ ሰው ሁለት መልስ አለኝ። የመጀመሪያው ፎገራ ራሱ ነው። ሩዝ ሜዳው ላይ በስፋት ከተዘራ ገና አንድ ትውልድ ተኩል ቢሆነው ነው፤ ዛሬ "ኤክስ ጅግና" የሚባለውን ዝርያ ማንም ባዕድ አይለውም። ገበሬው ከጤፍ ቀላቅሎ እንጀራ ጋገረው፣ ጠላ ጠመቀው፣ አረሙን በወንፈል ተያያዘው፤ የራሱ ሆነ። ሁለተኛው ኤች አይ ቪ ነው። መድኃኒቱ በነፃ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት እንደ መቅድም ኢትዮጵያና ተስፋ ጎህ ኢትዮጵያ ያሉ፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ያቋቋሟቸው ማኅበራት ነበሩ። ሰው ከቤተሰቡ ማዕድ በሚገፋበት፣ ዕቃው በሚለይበት በዚያ ክፉ ዘመን፣ አባላቱ ከቡናና ከንግግር ሌላ የሚሰጣጡት ነገር ብዙ አልነበረም። ያ ንግግር ስንቱን መድኃኒቱ እስኪመጣ አቆይቶታል።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ፤ ይህን ካላልኩ የጻፍኩት ሁሉ ከንቱ ነው። ተማሪን በጥቂት በጥቂቱ ማደራጀት ለጊቢዎቻችን አዲስ አይደለም። "አንድ ለአምስት" የሚባለውን የመንግሥት አደረጃጀት በዘመኑ ያልቀመሰ ተማሪ የለም። ገበሬው በልማት ቡድን፣ ተማሪው በጥናት ቡድን፣ ሠራተኛው በየቢሮው ተደራጀ። ደካማውን ተማሪ ጎበዙ እንዲረዳው የሚለው ሐሳብ በራሱ ክፉ አልነበረም፤ ስንቱም ልጅ ሒሳብ ተምሮበታል። ነገር ግን አንዱ መዝጋቢ፣ ሌላው ሪፖርት አቅራቢ ሆነ። ሪፖርቱ የት እንደሚደርስ ስለማይታወቅ ሰው ስለ ትምህርቱ ካልሆነ በቀር ስለ ሆዱ የሚናገርበት ቦታ አልሆነም። በ2012 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው በብሔር የተነሣው ግጭት ተማሪ ሲገድልና ከጊቢ ሲያሳድድ ደግሞ አንድ ዶርም የሚያድሩት እንኳ ተፈራሩ። ዛሬ አንድ ኮሌጅ "የተማሪዎች የአቻ ለአቻ ድጋፍ ቡድን" ብሎ ማስታወቂያ ቢለጥፍ፣ አንብቦ የሚያልፈው ልጅ በልቡ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ "ማነው የሚጽፈው?"

ስለዚህ ቡድኑ ቃለ ጉባኤ ሊኖረው አይገባም። ስም ዝርዝር ለዲኑ አይሄድም። የተማሪዎች ኅብረት አይመራውም፣ ፓርቲም፣ ፖሊስም በአቅራቢያው አይደርስም። የቀድሞዎቹ የጽዋ ማኅበርተኞች የተነገራቸውን ገበና እንደ አደራ ይጠብቁ የነበሩት ደንብ ስለተጻፈላቸው አይደለም፤ ያወጣ ሰው ከማኅበሩ እንደሚወጣ ስለሚያውቁ ነው። በጊቢ ደግሞ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። የሃይማኖት ጉባኤዎች ዛሬም ቢሆን "የጊቢ ቤተሰብ" እያሉ አዲስ ገቢውን ለነባሩ ይሰጣሉ፤ "አባት" እና "እናት" የሚባሉ ነባር ተማሪዎች አሉ። ይህ ስንቱን ልጅ እንዳተረፈ ዐይቻለሁ። ግን አማኝ የሆነ ተማሪ እዚያ የማይናገረው ነገርም አለ፤ ኀጢአት መስሎ የሚታየውን፣ የሚያሳፍረውን፣ እምነቱን የሚፈትነውን። ለዚያ ሌላ ክፍል ያስፈልገዋል።

ኮሌጁ የሚጠበቅበት ብዙ አይደለም። አንዲት በሯ የሚዘጋ ክፍል፤ ትምህርትና ፈተና የማይነካው አንድ ቋሚ ሰዓት፤ ቡድኑን የሚመሩትን ነባር ተማሪዎች በየሳምንቱ የሚያዳምጥ አንድ የሠለጠነ ሰው፣ የአእምሮ ጤና ነርስም ይሁን የሥነ ልቦና መምህር። ይህ የመጨረሻው የግድ ነው። የ20 ዓመት ልጅ የሌሎችን ሸክም እየሰማ እሱን የሚሰማው ካጣ ይሰበራል። ቡድን የማይችለውም አለ። ሞትን ደጋግሞ የሚያነሣ፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማ፣ እህል ውኃ የተወ ልጅ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት፤ ጠበል የሚጠመቅ ከሆነም ጠበሉን ሳይተው። ሁለቱን ማጣላት ልጁን ብቻ ነው የሚጎዳው።

ወረታ ላይ ቢጀመር የምመኝበት የተለየ ምክንያትም አለኝ። የወረታ ግብርና ኮሌጅ ለዓመታት የልማት ሠራተኞችን ሲያሠለጥን የኖረ ነው። ከዚያ የሚወጣ ልጅ በ20 ዓመቱ ብቻውን ሩቅ ቀበሌ ይመደባል፤ ሥራው ሰው መሰብሰብና ማናገር ነው፤ እሱን ግን የሚሰበስበው የለም። በሰሚስተሩ 16 ጊዜ ክብ ውስጥ ተቀምጦ ሳያቋርጥ ማዳመጥን የተለማመደ የልማት ሠራተኛ፣ ጎርፍ ሩዙን የወሰደበት ገበሬ ቤት ሲገባ ስለ ዘር ከማውራቱ በፊት የሚለውን ያውቃል።

አንድ ክረምት ፎገራ ላይ የሩዝ አረም አይቻለሁ። ወንፈል ነው፤ ዐሥራ ምናምን ሰው በአንድ መስመር ጎንበስ ብሎ ውኃው ውስጥ ይሄዳል። ወሬው አይቋረጥም። ያስገረመኝ የሚወራው ነው፤ ሰው ቡና ላይ የማያነሣውን እዚያ ያነሣል። አንዲት ሴት ስለሞተ ልጇ ተናገረች፣ አጠገቧ ያለችው ቀና ሳትል "እ" አለቻት፤ አረሙ ቀጠለ። ማንም የማንንም ፊት አያይም፤ ዓይን ሁሉ መሬት ላይ ነው፣ እጅም ሥራ ላይ። ተማሪዎችንም ወንበር በክብ ደርድሮ "በሉ ተናገሩ" ከማለት፣ እጃቸው የሚይዘው ነገር ቢኖር ሳይሻል አይቀርም፤ የኮሌጅ እርሻ አለ፣ ችግኝ አለ፣ ቡና የሚቆላም አለ።

ያንን ልጅ ያገኘሁትም በዚሁ ጉዞ ነው። ወረታ፣ ሩዝ መፈልፈያ በር ላይ ወረፋ ይዞ ቆሞ ነበር። ጎልማሳ ሆኗል፤ ልጆች አሉት። ተቃቅፈን ብዙ ቆየን። ሻይ ቤት ገብተን ስለ ሁሉም ጠየቀኝ፤ የአምስታችንንም አልጋ በየቦታው ያስታውሳል። አባቱ የሞቱበትን ሌሊት አነሣና አመሰገነኝ። ከዚያ ብርጭቆውን እያዞረ፣ "ታውቃለህ፣ እቆጥር ነበር" አለኝ። "ምኑን?" አልኩት። "ቀኑን። እናቴ አገር ቤት አርባውን ስታወጣ እኔም እዚያ ብቻዬን እንዳልሆን ብዬ ከላውንጅ ስድስት ሻይ አዘዝኩ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ። ፈተና ደርሶ ሁላችሁም ላይብረሪ ነበራችሁ።"

ሻዮቹን ምን እንዳደረጋቸው ጠየቅሁት። እስኪዘጋ ድረስ ጠረጴዛው ላይ እንደነበሩ ነገረኝ።